መርዶ የጫነች ጀልባ

አቃቂ ውስጥ ከባቡር ሠራተኛ ተወልዶ የጀልባ ሰው የሆነ ቢኖር ወልደገብርኤል ብቻ ነው። አባቱ ድሬዳዋ በሚመላለሰው አሮጌው ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበሩ። እሱም ጢሙ ገና ሳያቀመቅም የባቡሩ ጋራዥ ገብቶ ናፍጣ እየሸተተው አደገ። ባቡሩ ሲቆምና ሐዲዱን ሣር ሲውጠው፣ ወልዴ (ሰፈሩ የሚጠራው እንዲህ ነው) የወፍጮ ሞተርና የውሃ ፓምፕ እየጠገነ ኑሮውን ይገፋ ጀመር። ወንዝ ማለት ለእሱ ክረምት ላይ ሞልቶ የሰው አጥር የሚጠርገው የአቃቂ ወንዝ ነው፤ የፋብሪካ ቀለምና የከተማ ጉድፍ ይዞ የሚያልፍ ጥቁር ነገር። ዋና አይችልም።

ውሃ ላይ ያወጣው ጎረቤቱ ኑሪ ነው። ኑሪ በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ቁጭ ማለት የማይሆንለት ነጋዴ ነበር። አንድ ዓመት ጋምቤላ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ጨው፣ ሳሙና፣ ስኳርና ጨርቅ በባሮ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ መንገድ የሌለበት አገር ድረስ እንደሚሸጥ አይቷል። በዚያው ረጅም የብረት ጀልባ ገዛ፤ ሞተሩን ገዛ። የቀረው ሞተሩን የሚያውቅለት ሰው ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለው ወልዴን አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሞ፤ «ባቡሩ እጅህ ላይ ሞተ። ና፣ አሁን ደግሞ ጀልባ ልስጥህ።»

«ዋና አልችልም እኮ።»

«እኔስ እችላለሁ እንዴ? ጀልባው ይዋኝልን።»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ሁለቱ አቃቂን ትተው ይሄዳሉ። መስከረም ሲጠባ ከስተው፣ ጠቁረው፣ የደረቀ አሣ እየሸተቱ ይመለሳሉ። የወልዴ ሚስት የሺሐረግና የኑሪ ሚስት ሐጀራ ጎረቤት ብቻ ሳይሆኑ በነዚያ ወራት እንደ አንድ ቤት ይሆናሉ። የአንዷ ስልክ ሲጠራ ሌላዋ ሊጥ በያዘ እጇ ሮጣ ትመጣለች። ክረምቱን የሚያልፉት ዜና እየተካፈሉ ነው።

መንገዱ ረጅም ነው። ጀልባዋ ከጋምቤላ ድልድይ ሥር ትነሳለች። የጨው ጆንያ ከታች፣ የሳሙናው ካርቶን ከላዩ፣ ሸራ ከዚያ በላይ፣ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ። ከፊት አፍንጫዋ ላይ ኡጁሉ ይቆማል። ኡጁሉ የዚያው አገር ሰው ነው፤ ወንዙ ዳር ተወልዶ ያደገ መሪ። በእጁ ረጅም ዘንግ ይዞ ውሃውን ይለካል፤ ጥልቁ በግራ ከሆነ ግራ እጁን፣ በቀኝ ከሆነ ቀኝ እጁን ይዘረጋል። ወልዴ ከኋላ ሞተሩን ይዞ ከሞተሩ ጩኸት በቀር የሚሰማው የለም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የኡጁሉን እጅ ሲያይ ይውላል። ዓመት ከዓመት ሲያየው ከኖረ ወዲህ ከፊቱ ይልቅ እጁን ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

ኢታንግ ከተማ እስኪደርሱ ወንዙ ወንዝ ነው። ከኢታንግ በታች ግን ባሮ ሲሞላ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ይወርሰዋል። ከሰው የሚረዝመውን ሣር እየሰነጠቀ በመሃሉ ቦይ ይከፍታል። በቦዩ የገባ ጀልባ የወንዙን ጠመዝማዛ ትቶ ብዙ መንገድ ያሳጥራል። ሣሩ ግን ከግራም ከቀኝም ግድግዳ ስለሆነ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ነፋስ አይገባም። ትንኙ እንደ ጢስ ነው። የሞተሩ መዘውር ሣር ከጠቀለለ ደግሞ ማጥፋት፣ እጅን እስከ ትከሻ ውሃ ውስጥ ሰድዶ በቢላ መቁረጥ፣ እንደገና ማስነሳት ነው። ማታ ደረቅ መሬት ካለበት መንደር ዳር ያድራሉ። ስልክ ከኢታንግ ወዲያ አይሠራም። ኑሪ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ጨው ውስጥ ይቀብረውና «በል ደህና ሰንብት፣ እኛ ሞተናል» ይለው ነበር፤ ለቀልድ።

የኑሪ አባት ያረፉ ጊዜ ወልዴ አብሮት ነበር። ወደቡ ላይ ጨው እየጫኑ ሳለ የኑሪ ስልክ ጠራ። የደወለው የአገሩ ሰው ነው፤ ለንግድ ጉዳይ ነበር የደወለው። ከሰላምታው በኋላ «የአባትህ ነገርማ ምን ይደረግ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ደግሞ እንዴት ያለ ቀብር መሰለህ» አለ፤ የሰማ መስሎት። ኑሪ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጆንያውን ተሸከመ። ጀልባዋ ድረስ ሄዶ አስቀመጠው። ከዚያ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለ።

ማታ ወልዴን እንዲህ አለው፦ «ሰው ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ሲነግረኝ የማየው ፊት፣ ስወድቅ የሚይዘኝ እጅ። እኔ የሞትኩ እንደሆነ ሐጀራ በስልክ እንዳትሰማ። ቤቷ ተሂዶ፣ ትልልቅ ሰው ባለበት፣ በወጉ ይነገራት።»

«ምላስህን ቁረጥ። አንተ ነህ እኔን የምትቀብረው።»

«ማል።»

«ምኑን ነው የምምለው!»

«ማል አልኩህ እኮ።»

ወልዴ ሳቀና በሚካኤል ማለ።

አምና ነሐሴ ላይ ነው ኑሪ የታመመው። ኢታንግን አልፈው ሲወርዱ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ሸራውን ተከናነበ። ኪኒኑን ዋጠ። ወባ ለጀልባ ሰው እንደ ጉንፋን ነውና ማንም አልደነገጠም። በማግስቱ ግን ቀልዱን አቆመ። በሦስተኛው ቀን ስም ያቀላቅል ጀመር። ወልዴን «አባባ» አለው።

ሐኪም ያለው ወይ ወደኋላ ተመልሶ ጋምቤላ፣ ወይ ወደፊት ሄዶ ማታር ከተማ ነው። ማታር ይቀርባል። ኡጁሉ ዘንጉን ተደግፎ አሰበና «በወንዙ ከሄድን ይመሻል» አለ። «በቦዩ ከገባን ቀትር ላይ እንደርሳለን፤ ሣሩ ከለቀቀን።»

«በቦዩ» አለ ወልዴ።

ሣሩ አለቀቃቸውም። ከዓመት ዓመት እንዲህ ተጠቅጥቆ አይተውት አያውቁም። ሞተሩ እየተነሳ ይታፈናል፤ ወልዴ ሆዱን ጠርዙ ላይ አስደግፎ፣ ጉንጩ ውሃውን እየነካ፣ በጭፍን ይቆርጣል። ከኋላው የኑሪ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማዋል። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። ከዚያ እየቆረጠ ሳለ የጥርሱ ድምፅ ቆመ። ተኛ ብሎ ደስ አለው። ቶሎ ቶሎ ቆረጠ።

«ወልዴ» አለ ኡጁሉ።

«ጨረስኩ፣ ጨረስኩ፣ አሁን አስነሳዋለሁ።»

«ወልዴ፣ ተወው። ቢላውን አስቀምጥ።»

ቀና ብሎ ሲያይ ኡጁሉ ከጀልባዋ አፍንጫ ወርዶ ኑሪ ራስጌ ተንበርክኳል። ዘንጉ ውሃው ላይ ብቻውን ይንሳፈፋል።

ማታር ያሉ ሙስሊም ነጋዴዎች አጠቡት፣ ገነዙት፣ ሰገዱበት፤ ውሃው ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ቀበሩት። ጨውና ሳሙናውን እዚያው አራገፉ። ኡጁሉ የኑሪን ፍራሽ ጠቀለለና ጫማውን አጥቦ ፍራሹ ላይ አስቀመጠው። እንዲደርቅ ነው። ከዚያ ሽቅብ ተመለሱ።

ውሃ ሽቅብ መሄድ እንደ ቁልቁሉ አይደለም። ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ዳርቻው አይንቀሳቀስም። ያንን ሁሉ መንገድ ወልዴ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስበው፦ ሐጀራ በሰው ፊት፣ በቤቷ፣ በወጉ እንድትሰማ። ለሟቹ ቆርጦ ያልጨረሰውን ሣር ለሚስቱ ሊቆርጥላት የፈለገ ይመስል ነበር።

ኢታንግ ሲቃረቡ ስልኮቹ ነቁ። መጀመሪያ የኑሪ ስልክ ከወልዴ ደረት ኪስ ጮኸ። ዝም አለው። ቀጥሎ የራሱ ጮኸ፤ ሐጀራ ናት።

«ወልዴ! አልሐምዱሊላህ! ምነው እንዲህ ጠፋችሁ! ኑሪስ?»

ወልዴ የተጠቀለለውን ፍራሽ አየ። «አለ» አለ።

«ስጠኝ እስቲ።»

«ተኝቷል። ትንሽ አሞታል። ወባ ነው፤ መድኃኒት ወስዶ አሁን ገና መተኛቱ ነው።»

«ቀስቅሰው። ድምፁን ብቻ ልስማው።»

«ከቀሰቀስነው ይብስበታል፣ ሐጀራ። ጋምቤላ ስንገባ…» ብሎ አልጨረሰውም።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህል ይቀምሳል?» አለች።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ብቻውን እንዳትተወው። አደራ፣ በምድርም በሰማይም።»

«አልተወውም።»

ስልኩን ሲዘጋ ኡጁሉ ከፊት ዞሮ ያየዋል። «ጀልባዋ ባዶ መስላኝ ነበር» አለው። «ጭነህባታል ለካ።»

ወልዴ ለኑሪ ታላቅ ወንድም ለሳዲቅ ደወለ። «እየመጣሁ ነው» አለው። «ሰው ሰብስበህ ጠብቀኝ።»

«የምን ሰው?»

«ትልልቅ ሰው።»

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ሳዲቅ። «ለነፍስ እንዳትናገር። ለሚስትህም ቢሆን። የሺሐረግ ካወቀች ሐጀራ ፊቷን አይታ ታውቃለች።»

እውነቱን ነው። ወልዴ ሁለቱንም ስልኮች አጠፋ፤ ሐጀራ ደግማ ብትደውል የሚመልስላት አልነበረውም። ጋምቤላ ሲደርሱ ጀልባዋን ለኡጁሉ ትቶ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ።

አቃቂም ሲገባ እንደ ሌባ ነው የገባው። ያለ ኑሪ ብቻውን ሰፈር ውስጥ ከታየ መርዶው ያኔ ተነገረ ማለት ነውና፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ከመናኸሪያ በቀጥታ ኮዬ ፈጬ፣ የሳዲቅ ኮንዶሚኒየም ቤት ገባ። ከራሱ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ግን የገዛ ሚስቱን ሳያይ አደረ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ በቀለ ተጠሩ። ሁለት ከመስጊድ፣ ሁለት ከሰፈር ታከሉ። ሁሉም ነገር በወጉ ሆነ።

ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሐጀራ በር ላይ ቆሙ። ጋሽ በቀለ በከዘራቸው ጫፍ በቀስታ አንኳኩ። ዝም። ደግመው አንኳኩ። ሳዲቅ ጎንበስ ብሎ ሲዳስስ በሩ ከውጭ በቁልፍ ተቆልፏል።

ማዶ የወልዴ ቤት በር ተከፈተና የሺሐረግ ነጠላዋን እያጣፋች ብቅ አለች።

«ጋሽ በቀለ! ምነው በደህና በዚህ ሰዓት?»

«ደህና ነው ልጄ። ሐጀራን ፈልገን ነበር።»

«ሐጀራማ ጋምቤላ ሄደች። ትናንት በጠዋት። ባሏን ወባ ጥሎት፣ ስልካቸውም ዝግ ሆኖባት ስትንቆራጠጥ ሰንብታ…» አለችና ቆመች። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው አለ። የባሏን አቋቋም የማታውቅ ሚስት የለችም።

«ወልዴ?»

ጋቢውን ከፊቱ ዝቅ አደረገ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ኑሪን ለማን ትተኸው መጣህ?» ጋቢዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የተዘጋውን በር አየች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። «እኔ ነኝ ያሳፈርኳት» አለች ቀስ ብላ። «አጥሚቱን ያፈላሁላት እኔ ነኝ። በፔርሙስ ሞልቼ ያስያዝኳት። አይዞሽ፣ ወልዴ አጠገቡ ነው፣ ወልዴ አይተወውም እያልኳት…» መጮህ አልቻለችም፤ ጎረቤት ይሰማላ። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ግድግዳውን ይዛ ወረደች።

ሁለቱ አውቶቡሶች ጅማ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ወልዴ መስኮቱን ተደግፎ ተኝቶ ነበር።

«ይደወልላት» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ከመንገድ ትመለስ።»

«ምን ተብላ?» አለ ሌላው። «ባልሽ ደህና ነው ተመለሽ ተብላ? በውሸት ላይ ውሸት?»

«እንግዲያው እውነቱ ይነገራት።»

ጋሽ በቀለ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አውቶቡስ ውስጥ? ከማታውቀው ሰው መሃል? ስትወድቅ ማን ሊይዛት ነው?»

ሳዲቅ ወልዴ ፊት መጥቶ ቆመ። «ወንድሜን ያሳመምከው አንተ ነህ» አለው። «ሞቶ ሳለ አስታመምከው። አሁን እንግዲህ ሂድና ግደለው።»

ወልዴና ሳዲቅ የሱቅ ዕቃ በሚመላለስበት የሳዲቅ አይሱዙ ወጡ። ከመንገድ ላይ ወልዴ ለኡጁሉ ደወለ።

«ዛሬ ማታ ትደርሳለች። ወደብ ከመጣች ሆስፒታል ነው በላት። ወይም ምንም አትበላት። እስክንደርስ ብቻ።»

«አንተ በስልክ ዋሸሃት» አለ ኡጁሉ። «እኔን ፊት ለፊት ዋሻት ነው የምትለኝ?»

«ኡጁሉ፣ ስለ እግዜር።»

«እኔ ምንም አልነግራትም። ዓይኔን ግን የት አደርገዋለሁ?»

ጋምቤላ የደረሱት በማግስቱ ከሰዓት ነው። ጀልባዋ ከቦታዋ የለችም። ወደቡ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት የሆነውን ነገረቻቸው። ሐጀራ ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ዘንቢል ይዛ፣ ዘንቢሉ ውስጥ ፔርሙስ። የኑሪ ጀልባ የቱ ነው አለች። አሳዩዋት። ወርዳ አየች። የተጠቀለለውን ፍራሽ አየች፣ ከላዩ የታጠበውን ጫማ። ጫማውን አንስታ አገላበጠችው። ኡጁሉ ከዳር ቆሟል። «የት ነው?» አለችው። እሱ እጁን ወደ ታች፣ ወደ ውሃው መውረጃ ዘረጋ።

«ከዚያስ?» አለ ሳዲቅ።

«ከዚያማ ወደዚያው ውሰደኝ አለችው። ሌላ ሞተረኛ ፈልጎ ዛሬ ሲነጋ ወረዱ።»

«አልቅሳለች?»

«ምንም። እኛ ነን ያለቀስነው።»

ሳዲቅ ወልዴን ሳያየው «የኀዘን ወራቷን፣ ኢዳዋን፣ ቤቷ ተቀምጣ መጠበቅ የሚገባት ሴት» አለ፤ «ወንዝ ለወንዝ! በሰው አገር!» ከዚያ በኋላ ለወልዴ አልተናገረም። ኑሪ ዕቃ ያስቀምጥበት በነበረ ጠባብ መጋዘን ውስጥ አንዱ በዚህ ግድግዳ፣ አንዱ በዚያ እየተኙ ጠበቁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወልዴ በየጠዋቱ ዳርቻው ላይ ይቆማል፤ ቡናማው ውሃ ግንድና ሣር ተሸክሞ ያልፋል። ጀልባዋ አሁን የት እንደደረሰች ያውቃል። አሁን ኢታንግ፣ አሁን ከኢታንግ በታች። ቦዩ አፍ ላይ ስትደርስ ኡጁሉ በየትኛው እጁ እንደሚያመለክት አሰበ። በወንዙ ይውሰዳት ብሎ ለመነ። የኑሪ ትንፋሽ የቆመበትን ሣር እንዳታየው።

ጀልባዋ የተመለሰች ቀን ፀሐይ ነበር። ከሩቅ የኡጁሉ ቁመት ታየ፣ ቀጥሎ ዘንጉ፣ ቀጥሎ ከመሃል ፍራሹ ላይ የተቀመጠች ሴት። በጥቁር ሻርፕ ተሸፍናለች። ዘንቢሏ ጉልበቷ ላይ ነው። ሳዲቅ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ እጁን ዘረጋላት፤ ሳትይዘው ወረደች።

ኡጁሉ ለወልዴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «መቃብሩ ላይ ስትቀመጥም፣ ስንመለስም አንዲት እንባ አላፈሰሰችም» አለው። «እህል አልቀመሰችም። ያንን ፔርሙስ አልከፈተችም፣ አላስከፈተችም። ፈራሁ እኔ።»

ሐጀራ ዳርቻው ላይ፣ ዕቃ አውራጆቹ የሚያርፉበት ግንድ ላይ ተቀመጠች። ሻርፗን አስተካከለች። ቤቷ እንግዳ እንደምትቀበል ሴት ቀጥ ብላ።

«በሉ» አለች። «የመጣችሁበትን ንገሩኝ።»

ሳዲቅ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «እህቴ፣ ሐጀራ፣ አንቺ አሁን እኮ…»

«አንተን አይደለም። አንተ የነገርከኝ ነገር የለም።» ወደ ወልዴ ዞረች። «እኔ የሰማሁት ታሟል፣ ተኝቷል፣ ትንሽ ትንሽ ይበላል ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አልነገረኝም። እዚያ አፈር አሳዩኝ፤ አፈር አይናገርም። አንተ ነህ የተናገርከው። ንገረኝ።»

ሻይ ሻጯ እሳቷን ትታ መጥታ ሐጀራ አጠገብ ቆመች። ዕቃ አውራጆቹ ጆንያቸውን አወረዱ። ወልዴ ባርኔጣውን አወለቀ። ኢታንግ ላይ ከምላሱ የራቀውን፣ አቃቂ በር ላይ ይዞት ቆሞ የሚቀበለው ያጣውን ያን ቃል አሁን አወጣው።

«ኑሪ ሞቷል፣ ሐጀራ።»

«መቼ?»

«ስትደውዪ… ስትደውዪ ሞቶ ነበር።»

አየችው። ቀስ ብላ ዘንቢሉን ከጉልበቷ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እንዳይደፋ አድርጋ። ከዚያ ነው የጮኸችው። ድምፅዋ ውሃው ላይ ሄዶ ከማዶው ዛፍ ተመለሰ። ስትወድቅ የያዛት ወልዴ አይደለም። አጠገቧ እሱ ነበር፣ እጁም ተዘርግቶ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ሌላው ጎን፣ ቋንቋዋን እንኳ በቅጡ ወደማታውቀው ሻይ ሻጭ ወደቀች።

አቃቂ ተመልሰው ድንኳን ተጣለ፣ ሰው ጎረፈ፣ ሰደቃው ወጣ። ወልዴ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ወንበር ሲያመላልስ፣ ውሃ ሲቀዳ ዋለ። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ጋሽ በቀለም «ያደረግኸው በወጉ ነው» ብለውታል። የሺሐረግ ግን ጉዳዩን አንስታ አታውቅም፤ አጥሚት ማፍላትም ትታለች።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ኡጁሉ ደውሎ ውሃው ሞልቷል አለው። ወልዴ አልሄደም። ጀልባዋን ሳዲቅ ለሌላ ነጋዴ ሸጧታል። ወልዴ አሁን ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ የባጃጅ ሞተር ይጠግናል፤ በሥራ መሃል አንዳንዴ ቀና ብሎ መንገድ የሚያሳየውን እጅ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ፊት ያያል።

ሐጀራ ሱቁን ራሷ ይዛለች። ከወልዴ ጋር ሰላም ናቸው። ብቻ የእሱን ስልክ አታነሳም። የሱቋ ፍሪጅ ተበላሽቶ እመጣለሁ ሊላት ቢደውል፣ መብራት ሄደ ወይ ብሎ ቢደውል፣ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይቆማል። ለየሺሐረግ «እሱ የሚለው ካለ መጥቶ ይንገረኝ» ብላታለች። ስለዚህ ትንሿን ነገር ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ፣ በሯ ላይ ቆሞ፣ ፊቷን እያየ ይነግራታል።

አንድ ቀን በማለዳ ሄዶ ነበር፤ የውሃ ቧንቧው ፈንድቶ ሊያስጠነቅቃት። ገና ሲያንኳኳ በሩን ከፍታ አየችውና ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ማን?» አለች። «ማን ነው ደግሞ የሞተው?»

«ማንም አይደለም፣ ሐጀራ። ቧንቧው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ወደዚያ በር የሚሄደው ከቀትር በኋላ ብቻ ነው፤ ገና ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ጉዳዩን ጮክ ብሎ እየተናገረ።